በቈላ አገር በቤት ስለሚገጠም የጨዋታ ኮምፒዩተር

የይፋት ቈላ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ መንገድ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ በግመል ተጭኖ የአፋርን በረሓ ካቋረጠ በኋላ፣ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ ሸዋ ደጋ ይወጣ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1841 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላኩት የእንግሊዝ መልክተኞችም ከነገጸ በረከታቸው የተጓዙት በዚሁ በኩል ነው። ዛሬ ግን የዕቃው ጉዞ ተገልብጧል። ከጅቡቲ ወደብ የሚነሣው ዕቃ አስቀድሞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያም በደብረ ብርሃን አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የምንነጋገረው በዚያ መንገድ ስለሚወርድ ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ይኸውም ወጣቶች ለየብቻው ገዝተው በቤታቸው ስለሚገጥሙት የጨዋታ ኮምፒዩተር ነው።

ባገራችን ከተሞች ያሉ ወጣቶች ብዙዎቹ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታን የለመዱት በየሰፈሩ ባለው የፕሌይስቴሽን ቤት እየከፈሉ በመጫወት ነው። አሁን ግን የራሳቸውን መሣሪያ በቤታቸው ለማቆም የሚሹ በርክተዋል። አንዳንድ ወላጆች ይህን ሲሰሙ «ለጨዋታ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ምን ይጠቅማል?» ማለታቸው አያስደንቅም። እኛ ግን ጨዋታን ፈጽሞ አንንቅም፤ አባቶቻችንም ገበጣን የተጫወቱት ሥራ ፈት ስለ ነበሩ አይደለምና። ደግሞም ለጨዋታ የሚበቃ ኮምፒዩተር ለትምህርት፣ ለሒሳብ፣ ለሥዕልና ለፕሮግራም ሥራ ከበቂ በላይ ነው። መንግሥታችን በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት ለመከታተል የሚሻ ወጣት በዚሁ መሣሪያ ሊማርበት ይችላል።

ነገሩን ለማስረዳት ይቀለን ዘንድ አንድ ቤተ ሰብ በሐሳባችን እናቁም። አባትየው በሮቢት ወንዝ አጠገብ ሽንኩርትና ማሾ ያለማል። ዘንድሮ የሽንኩርቱ ዋጋ ደኅና ስለ ነበረ ጥቂት ብር ተርፎታል። የውኃ መሳቢያው ሞተር ግን ጥገና ይፈልጋል፤ ትምህርቱን በደኅና የጨረሰው ልጁም ኮምፒዩተር እንዲገዛለት ለምኗል። ልጁ የጻፈውን ዝርዝር ይዞ ቀረበና «አባባ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ግራፊክስ ካርድ ይህ ነው ይላሉ። እርሱን ከገዛን ሌላው በርካሽ ይሞላል» አለ። አባቱም ዝርዝሩን አይቶ «ልጄ፣ እኔ ስሙንም አላውቀው። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ቢያቃጥለው ምን ልታደርግ ነው?» አለው። እናቲቱም «በቀትር ይህ ቆርቆሮ እሳት ሲሆን እኛ ከቤት እንወጣለን። እርሱስ ወዴት ይወጣል?» ብላ ጨመረች። ልጁ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ አላገኘም።

የወላጆቹ ጥያቄ ግን ካንድ ዐዋቂ ሰው ጥያቄ የሚያንስ አይደለም። በኢንተርኔት የሚገኘው ምክር አብዛኛው መብራት ለማይጠፋበትና አየሩ ለቀዘቀዘ አገር የተጻፈ ነው። 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በሸዋ ሮቢት ግን ምርጫው ከሌላ ስፍራ መጀመር አለበት። እኛም የምንመክረው ይህን ነው፤ አስቀድሞ ኤሌክትሪኩንና ሙቀቱን የሚችል መሠረት ይቁም፤ የፍጥነቱ ነገር ኋላ በሌላ ገንዘብ ይጨመር።

1ኛ፤ ስለ ኤሌክትሪክ

ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ዕቃ ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ፣ ለኮምፒዩተሩ ብልቶች ወደሚስማማው ወደ 12 ቮልትና ከዚያም በታች ለውጦ የሚያድል ነው። ሰው ለዓይን ስለማይታይ ይንቀዋል፤ ነገር ግን እርሱ ሲበላሽ ሌሎቹን ይዞ ሊሞት ይችላል። በርካሾቹ ላይ «600 ዋት» ተብሎ ቢጻፍም በእውነት ያን ያህል የማይሰጡ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ከጽሕፈቱ ይልቅ የታወቀ ሠሪ ያለውና «80 ፕላስ» የሚል ምልክት የተሰጠው ይፈለግ። የዚህ ምልክት ትርጓሜ ዕቃው ከሚስበው ኃይል ቢያንስ ሰማንያው በመቶ ለኮምፒዩተሩ ይደርሳል ማለት ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በቈላ አገር የሚባክን ሙቀት ሲያንስ ጥቅሙ እጥፍ ነው።

በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ 115 እና 230 ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ። ከአሜሪካ ተገዝቶ የመጣ አሮጌ ኮምፒዩተር ማብሪያው በ115 ላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚያው እንዳለ ባገራችን ሶኬት ቢሰካ በአንድ አፍታ ይቃጠላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት ጀርባውን መመልከት ይገባል።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ያገራችን የኃይል ሀብት እጅግ ጨምሯል። ሆኖም ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቤታችን ያለው ሽቦ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሲስብበት ቮልቱ መውረዱ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስም መዝለሉ አይቀርም። እናቶች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ የእንጀራው ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ይፈዛልና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ የምንመክረው ኮምፒዩተር ግን ካርዱ ተጨምሮበት ስንኳ 300 ዋት አይሞላም። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ በስታቢላይዘር በኩል ይሰካ፤ ከምጣዱ ጋራ ባንድ ማከፋፈያ ፈጽሞ አይሰካ፤ እንጀራ በሚጋገርበትም ሰዓት ጨዋታው ይቆይ። መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው። ገንዘብ ከተረፈ ዩፒኤስ ይገዛ፤ ዩፒኤስ ግን ለጥቂት ደቂቃ ሥራን አስቀምጦ በደኅና ለማጥፋት እንጂ ማታውን ሁሉ ለመጫወት አይደለም።

ደግሞም የኮምፒዩተሩን ብረት ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ፣ ወደ መሬት የሚገባው ሽቦ በቤቱ ውስጥ የለም ወይም ተበጥሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ልጆች ባሉበት ቤት ቸል ማለት አይገባም፤ ሞያውን የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ይሥራው።

2ኛ፤ ስለ ሙቀትና ስለ አቧራ

ማራገቢያ አየርን ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቀት 35 ዲግሪ ቢሆን፣ የኮምፒዩተሩ ሆድ ምንጊዜም ከዚያ በላይ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ አንዳች ችግር የሚሠራው መሣሪያ ሮቢት ሲወርድ የሚዝለው ስለዚህ ነው። ፕሮሰሰሩ 95 ወይም 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጨዋታውም ይንቀራፈፋል። ልጁም «ዕቃው ደካማ ነው» ብሎ ያማርራል፤ ነገር ግን የደከመው ዕቃው ሳይሆን ነፋስ ያጣው ነው።

እንግዲህ ኬዙ ሲመረጥ በፊቱ መስተዋት ያለበትና ልዩ ልዩ ቀለም የሚያበራው ቀርቶ፣ ፊቱ ወንፊት የሆነው ይመረጥ። ቢያንስ አንድ ማራገቢያ ከፊት አየር የሚያስገባ፣ አንድም ከኋላ የሚያስወጣ ያስፈልጋል። አየር በሚገባበት በኩል ስስ የናይሎን ጨርቅ ቢወጠር የቈላውን አቧራ ይይዛል፤ እርሱንም በየሳምንቱ ማራገፍ ይገባል። ኮምፒዩተሩ ከምድር ላይ ሳይሆን ከጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ጀርባውም ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። በወር አንድ ጊዜ ተነቅሎ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ ሲጠረግ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይያዝ። ቤቱ ኮርኒስ ከሌለው ደግሞ በቀትር ከቆርቆሮው ሥር ከመጫወት ማታ መጫወት ይሻላል። ቀን ለትምህርትና ለሥራ ነውና ይህ ለወላጅም ደስ የሚያሰኝ ሥርዐት ነው።

3ኛ፤ ዕቃዎቹን ስለ መምረጥ

ፕሮሰሰር የሒሳቡ ልብ ነው፤ ማዘርቦርድ ሁሉን የሚያገናኝ ሰሌዳ ነው፤ ራም ለሥራ የተዘረጋ ገበታ ነው፤ ኤስኤስዲ ጐተራ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ሥዕሉን የሚሥል ባለሞያ ነው። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ቢበረታ ሌላው ካልተስማማው አይጠቅምም፤ አንዱን በሬ አጥግቦ ሌላውን አስርቦ እንደ መጥመድ ነው።

ገንዘቡ ላነሰ ቤተ ሰብ እኛ የምንመርጠው ራይዘን 5 5600ጂ የተባለውን ፕሮሰሰር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ስድስት አንጓዎች አሉት፤ ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ሥዕል የሚሥለውን ክፍል በራሱ ውስጥ የያዘ መሆኑ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ግራፊክስ ካርድ ሳይገዛ፣ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አድርጎ የእግር ኳስ ጨዋታዎችንና እንደ ጂቲኤ 5 ያሉትን መጫወት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ በስሙ መጨረሻ ጂ የሌለው 5600፣ እንዲሁም ኤፍ የሚል ፊደል ያለው የኢንቴል አይ3-12100ኤፍ፣ ምንም መልካም ፕሮሰሰሮች ቢሆኑ በውስጣቸው ሥዕል የሚሥል ክፍል የላቸውም። ያለ ካርድ የገዛቸው ሰው ጥቁር መስኮት ብቻ ያያል።

ማዘርቦርዱ ኤኤም4 የተባለው መሰኪያ ያለው ይሁን፤ ቢ550 ወይም ኤ520 የተባለው ይስማማዋል። ቢ450 የተባለው ደግሞ ቀድሞ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ውስጣዊ ፕሮግራሙ ካልታደሰ ይህን ፕሮሰሰር አያውቀውም፤ ስለዚህ ሻጩ አድሶ እንዲሰጥ ይጠየቅ። ራሙ ዲዲአር4 መሆን አለበት፤ ዲዲአር5 በዚህ ሰሌዳ ላይ አይገባም። አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል፤ በውስጥ ያለው ሠዓሊ የራሱ ገበታ ስለሌለው የሚበላው ከራሙ ነውና፣ በሁለት በር ሲገባለት ሥራው በግልጽ ይፈጥናል። ኤስኤስዲው ቢያንስ 500 ጊጋባይት ይሁን፤ አንድ ትልቅ ጨዋታ ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላልና። ፓወር ሰፕላዩ ግን ለዛሬው ሳይሆን ለነገው ይለካ፤ ባለ 500 ወይም ባለ 550 ዋት መልካም ዕቃ ከተገዛ፣ ኋላ 132 ዋት የሚስበው አርኤክስ 6600 የተባለው ካርድ ቢጨመር ሌላ መለወጥ አያስፈልግም።

ሞኒተር ለመግዛት መቸኰል አይገባም፤ በቤት ያለው ቴሌቪዥን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ኮምፒዩተሩም በሳሎን ስለሚሆን ወላጅ ልጁ ምን እንደሚጫወትና ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ ያያል።

4ኛ፤ ገንዘቡን ስለ መክፈል

የብር ዋጋ በዚህ ገጽ አንጽፍም፤ ምክንያቱም ሳይቆይ ይሳሳታል። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሲፈቀድ፣ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶ ብር አልፎ ነበር። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያም የራም ዋጋ በዓለም ሁሉ እጅግ ወደ ላይ ወጥቷል። ስለዚህ ገንዘቡን ከመቶ ከፍሎ ማሰብ ይበጃል። እኛ ብንከፍል ከመቶ ብር 25 ለፕሮሰሰር፣ 20 ለራም፣ 15 ለማዘርቦርድ፣ 13 ለፓወር ሰፕላይ፣ 12 ለኤስኤስዲ፣ 8 ለስታቢላይዘር፣ 7 ለኬዝና ለማራገቢያ እናደርጋለን። አንዱ ቢወደድ የሚቀነሰው ከኬዙ መልክ እንጂ ከፓወር ሰፕላይና ከስታቢላይዘር መሆን የለበትም።

ይህም ከአቅም በላይ የሆነበት ሰው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ገዝቶ ከኋላ ካርድ ሊጨምርበት ይችላል። ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸው በልዩ ቅርጽ የተሠራ ስለ ሆነ በሌላ አይለወጥም። ስለዚህ የሚስማማቸው እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ፣ 75 ዋት ብቻ የሚስብና ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ነው፤ ቀጭኑ ኬዝ ከሆነም ካርዱ አጭር መሆን አለበት። ደግሞ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የተለመደው እድሳቱ ስለ ተቋረጠ፣ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል አሮጌ መሣሪያ እንዳይገዛ ይጠንቀቅ፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለው ይቀበላል።

5ኛ፤ ስለ መግዛትና ስለ መግጠም

ለግዢ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው በመርካቶ፣ በመገናኛና በቦሌ ያሉትን መደብሮች ሳይጠይቅ በመጀመሪያው አይግዛ። ዝርዝሩን በወረቀት ይዞ ቢያንስ ከሦስት ሻጭ ዋጋ ይጠይቅ፤ ደረሰኝና የዋስትናውን ቀን በጽሑፍ ይቀበል፤ ተሰክቶ ሲሠራም በዓይኑ ይይ። ከ220 ኪሎ ሜትር ርቀት ተመልሶ ዕቃ ለማስለወጥ መሄድ ራሱ የገንዘብ ጕዳት ነውና።

ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ሲገዛ ጥንቃቄው ይበርታ። ኤትሪየም የተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ሲለውጥ፣ ሌት ከቀን ሲደክሙ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ ዓለም ገበያ ወጥተዋል። ሁሉም የተበላሹ አይደሉም፤ ግን ማራገቢያቸው ያለቀ፣ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባታቸውም የደረቀ ይገኛል። ደግሞ ደካማውን ካርድ የብርቱ ስም ሰጥተው የሚሸጡ አሉና፣ ጂፒዩ-ዚ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ማንነቱን ማረጋገጥ ይገባል። ግማሽ ሰዓት ያህል ጨዋታ አስጀምሮ ሳይፈትን ገንዘብ የሚከፍል ሰው ኋላ ሌላውን አይውቀስ።

ዕቃው ቤት ሲደርስ ወዲያው መገጠም የለበትም። ከብርዱ አገር ወደ ሙቀቱ የገባ ዕቃ ጠል ሊይዝ ስለሚችል፣ በካርቶኑ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ይረፍ። ገጣሚውም ሰሌዳውን ከመንካቱ በፊት በገላው ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ያልተቀባ ብረት ይንካ። የሚያስፈልገው አንድ የመስቀል መፍቻ፣ ንጹሕ ጠረጴዛና ትዕግሥት ብቻ ነው። የፕሮሰሰሩ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከመሰኪያው ምልክት ጋራ ሲገጥም ያለ ጉልበት በራሱ ይወርዳል፤ የሚገፋ ሰው እግሮቹን ያጣምማል። ራሙ ግን በሁለቱ ጫፍ ቀጭ እስኪል ይጫናል። ኋላ ካርዱ ሲጨመር የቴሌቪዥኑ ገመድ ከሰሌዳው ተነቅሎ ወደ ካርዱ ይዛወር፤ ይህን የሚረሱ ብዙዎች ካርዱ የማይሠራ ይመስላቸዋልና። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለ፣ ልጁ የማዘርቦርዱን መጽሐፍ ሳያነብ ገመድ አይንካ።

አሁን ወደ ጀመርነው ቤት እንመለስ። አባትየው ገንዘቡን ሁሉ ላንድ ካርድ ቢያወጣ ሞተሩ ሳይጠገን፣ የሚመጣው ሽንኩርትም ሳይጠጣ ይቀራል። ልጁን ፈጽሞ ቢከለክለው ደግሞ የልጁ ፍላጎት ሊቀዘቅዝ፣ አለዚያም ወደማይታይበት ቤት ሊሄድ ይችላል። እኛ የምንመክረው ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ ዘንድሮ ሞተሩ ይጠገን፣ ኮምፒዩተሩም ያለ ካርድ በደኅና መሠረት ይቁም፤ ካርዱ ለሚመጣው ምርት ይቆይ። ልጁም በዚያ ዓመት የሞተሩን ወጪና የሽንኩርቱን ገቢ በኮምፒዩተሩ ላይ ለአባቱ እየመዘገበ ይርዳ። ምርቱ ሲሸጥ ካርዱ ይገባው ወይም አይገባው እንደ ሆነ መዝገቡ ራሱ ይናገራል፤ ልጁም ያን ጊዜ ልመናውን የሚያቀርበው የተጻፈ ሒሳብ ይዞ ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ በቈላ አገር የሚቆም ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ዛሬ ጥቂት ቢንቀራፈፍ አያሳፍርም፤ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቍጥር በደኅና የሚነሣ ከሆነ፣ ቤተ ሰቡ ያወጣው ገንዘብ በእውነት በቤቱ አለ።